ከ65,536ኛው ረድፍ በታች የቀሩት፦ እንግሊዝ 15,841 ሰው ከፋይል ያጣችበት ሳምንት

በ2013 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን፣ እኛ ደመራውን በጭምብልና በተወሰነ ሰው ባከበርንበት ሳምንት፣ እንግሊዝ ውስጥ ኮሮና ረገብ ያለ መስሎ ነበር። የዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት በየዕለቱ የሚያወጣው የአዲስ ተያዦች ቁጥር መስከረም 19 ቀን (በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2020) 7,143 ነበር። በማግስቱ 7,108፣ ከዚያ 6,914፣ መስከረም 22 ቀን ደግሞ 6,968። ሽቅብ ሲወጣ የከረመ መስመር አራት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ቆመ። እንዲህ ያለ መስመር ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው፤ ጫፉ ላይ ሳንደርስ አልቀረንም ይላል።

የእነዚያ አራት ቀናት ትክክለኛ ቁጥር ግን 8,558፣ 10,157፣ 11,047 እና 11,754 ነበር። ልዩነቱ የጠፋው ላቦራቶሪ ውስጥ ወይም በባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን አንድ ፋይል ከአንድ ቅርጸት ወደ ሌላ ሲገለበጥ ነው። ቢሮ የሚውል ሰው ሁሉ ሳያስብበት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው። «ይህን ፋይል ኮንቨርት አድርገህ ላክልኝ» የሚባለው።

በወቅቱ የወረርሽኙን መረጃ የሚሰበስበው ፐብሊክ ኸልዝ ኢንግላንድ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። የምርመራ ውጤት በሁለት በር ይገባለታል። አንዱ በር የሆስፒታሎችና የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ላቦራቶሪዎች ናቸው። ሌላው በር ለሰፊው ሕዝብ የሚደረገውን ምርመራ የሚሠሩት የግል ኩባንያዎች ናቸው። አደጋው የደረሰው በሁለተኛው በር ነው።

ኩባንያዎቹ ውጤቱን የሚልኩት በሲኤስቪ ፋይል ነበር። ሲኤስቪ ከፋይል ሁሉ ድሃው ነው። ቀለም የለው፣ ፎንት የለው፣ ፎርሙላ የለው፤ ጽሑፍና ኮማ ብቻ። ድህነቱ ግን ነፃነት ሰጥቶታል፤ የረድፍ ጣሪያ የለውም። ዲስኩ እስከቻለ ድረስ ሚሊዮን ረድፍም አሥር ሚሊዮን ረድፍም ይይዛል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሲኤስቪ በራሱ ጊዜ እየጎተተ አስቀድሞ ወደተዘጋጀ የኤክሴል ቴምፕሌት የሚገለብጥ አሠራር ዘርግቶ ነበር። ከቴምፕሌቱ ወደ ማዕከላዊው ሲስተም ይጫናል። ከማዕከላዊው ሲስተም ደግሞ መረጃው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሕዝብ ወደሚያየው ዕለታዊ ቁጥር ይሄዳል፤ ሌላው ንክኪ ያላቸውን ሰዎች እየደወሉ ወደሚፈልጉት ሠራተኞች።

ችግሩ ያለው ቴምፕሌቱ ላይ ነው። ቴምፕሌቱ የተሠራው ኤክስኤልኤስ በሚባለው አሮጌው የኤክሴል ቅርጸት ነበር። የዚህ ቅርጸት ዘር ወደ 1987 (በአውሮፓውያኑ) ይመለሳል። ማይክሮሶፍት በ2007 ኤክስኤልኤስኤክስ በሚባለው ተክቶታል፤ ማለትም ይህ ሁሉ ሲሆን አሮጌው ቅርጸት ከተተካ 13 ዓመት ሞልቶት ነበር። አሮጌው በአንድ ገጽ መያዝ የሚችለው 65,536 ረድፍ ነው። አዲሱ 1,048,576 ይይዛል፤ ልክ 16 እጥፍ።

65,536 እንዲሁ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። በአሮጌው ቅርጸት እያንዳንዱ ሴል የሚገኝበት የረድፍ ቁጥር የሚጻፈው በሁለት ባይት፣ ማለትም በ16 ቢት ነው። ሁለትን አሥራ ስድስት ጊዜ ደርድረን ብናባዛው 65,536 ይወጣል። 65,537ኛውን ረድፍ ልጻፍ ቢባል ቁጥሩ የሚሰፍርበት ቦታ የለም። ቤት ቁጥር የሚጻፍባት ታፔላ ሁለት አሃዝ ብቻ የምትይዝ ከሆነ ከ99 በኋላ ያለው ቤት አድራሻ እንደማይኖረው ማለት ነው። ቤቱ ተሠርቷል፣ ሰውም ይኖርበታል፤ ፖስተኛው ግን አያውቀውም።

65,536 ረድፍ ለአንድ ቀን ታማሚ ይበቃ ነበር የሚል ይኖራል። አንድ ረድፍ ለአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ አዎ፣ ይተርፍም ነበር። ነገር ግን አንድ የምርመራ ውጤት በርካታ ረድፎችን ይወስድ ስለነበር፣ አንድ ቴምፕሌት የሚችለው ወደ 1,400 ሰው ገደማ ብቻ እንደነበር ቢቢሲ በወቅቱ ዘግቧል። እናካፍለው፦ ለአንድ ሰው ወደ 47 ረድፍ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ የመጣው ሰው አይጻፍም። ቀጣይ ፋይል አይከፈትለትም፣ ወደ ጎን አይቀመጥም፤ ዝም ብሎ ይቀራል።

በኋላ መንግሥት ያወጣው የየቀኑ ጉድለት እንዲህ ይነበባል። መስከረም 15 ቀን 957 ሰው ቀረ። በማግስቱ 744፣ በመስቀል ዕለት 757። ሰኞ መስከረም 18 ምንም። ማክሰኞ 1,415፣ ረቡዕ 3,049፣ ሐሙስ 4,133፣ ዓርብ መስከረም 22 ቀን 4,786። ድምሩ 15,841።

እኔን ከሁሉም በላይ የምታስገርመኝ ያቺ የሰኞዋ ዜሮ ናት። ሁልጊዜ የሚሳሳት ማሽን በአንድ ቀን ይታወቅበታል። ሦስት ቀን ስቶ በአራተኛው ቀን በትክክል የሚሠራ ማሽን ግን ጠያቂን ያዘናጋል፤ ሰኞ ዕለት ቁጥሩን ከምንጩ ጋር ያስተያየ ሰው ቢኖር እንኳ ሁሉም ልክ ነው ብሎ በሄደ ነበር። ሌላም ነገር አለ። ይህ ጣሪያ የሚነካው በሽታው ሲበዛ ብቻ ነው። በእንግሊዞቹ በጋ (በእኛ ክረምት)፣ ተያዦች ጥቂት በነበሩበት ወቅት፣ ቴምፕሌቱ ምንም አልጎደለበትም። መረጃው በጣም የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ ነው መቁረጥ የጀመረው፤ የበለጠ ሰው በታመመ ቁጥር የበለጠ ቆረጠ። ለዚህም ነው መስመሩ ጠፍጣፋ የሆነው። ቁና ሞልቶ ሲፈስ ላይ ላዩ ሁልጊዜ አንድ ልክ ነው፤ የፈሰሰውን ያላየ ሰው እህሉ ያው አንድ ቁና ነው ብሎ ይመዘግባል።

ማስጠንቀቂያ የለም ወይ? ሰው በእጁ ከጣሪያው በላይ የሆነ ፋይል ኤክሴል ላይ ሲከፍት «ፋይሉ ሙሉ በሙሉ አልተጫነም» የሚል መልእክት ይመጣል። ሁላችንም ያንን መልእክት አይተን «እሺ»ን ተጭነን አልፈናል። በራሱ የሚሄድ አሠራር ግን ያንን የሚያነብለት ዓይን የለውም። የሚያስቆመው ካልተጻፈለት በቀር ይቀጥላል።

ይህን ታሪክ ሳነብ ፈረንጅ ላይ መሳቅ አልቻልኩም፤ ከእኛ ቢሮዎች ጋር በጣም ይቀራረባል። የዕድር አባላት ስልክ የተጻፈበት ሲኤስቪ ኤክሴል ላይ በቀጥታ ሲከፈት 09 የሚለው ዜሮው ይበላል፤ ሴቭ ከተደረገ በኋላ ደግሞ አይመለስም። የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ለምሳሌ የንግድ ባንክ ባለ 13 አሃዙ፣ አንድ ነጥብና የሆነ ፊደል ያለበት አጭር ጽሑፍ ሆኖ ይታያል። ከዚህ የባሰው የፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ነው። ኤክሴል ለቁጥር የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ አሥራ ስድስተኛውን ወደ ዜሮ ይቀይረዋል። ቁጥሩ ሙሉ ይመስላል፣ አሃዙ 16 ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆኗል። በአማርኛ የተጻፈ ስም ደግሞ ዳታ ከሚለው ሜኑ ገብተን ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን የፊደል ኮድ ካልመረጥን ብዙ ጊዜ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ይኼኛው ጥፋት እንኳ ደግ ነው፤ ጮሆ ይናገራል። ዝም የሚሉት ናቸው የሚጎዱት።

የድሮ የግዕዝ ፎንቶችን የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ከሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በተሠሩት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው። ግዕዝ የሚያደርገው የፎንቱ ስም ነው፤ ግማሹ ፊደል ያለው ስሙ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ፎንት ወደማይይዝ ቅርጸት፣ ማለትም ወደ ሲኤስቪ ወይም ወደ ተራ ጽሑፍ ስንገለብጠው ያ ግማሽ ይወድቃል። እንግሊዝ ውስጥ የወደቀው ረድፍ ነበር፣ እዚህ ደግሞ የፎንት ስም። ተቀባዩ ቅርጸት ቦታ ያላዘጋጀለት ነገር ሁሉ በሩ ላይ ይቀራል።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ፤ እዚያ የቀረው ሰው ነውና። ተመርምረው የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች ውጤታቸው በጊዜው ደርሷቸዋል፣ ራሳቸውን እንዲያገሉም ተነግሯቸዋል። መሥሪያ ቤቱ ይህንን ደጋግሞ ተናግሯል፤ ትክክልም ነው። ያልተነገራቸው አብረዋቸው የበሉት፣ አብረዋቸው የሠሩት፣ አንድ ቤት ያመሹት ናቸው። ደዋዮቹ ዘንድ የታማሚው ስም ስላልደረሰ «ከማን ጋር ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሕጉን ደግሞ እንይ። እንግሊዝ ውስጥ ራስን ማግለል የሕግ ግዴታ የሆነው በዚያው ሳምንት፣ መስከረም 18 ቀን ነበር፤ ያቺ የዜሮዋ ሰኞ። ንክኪ እንዳለው የተነገረው ሰው 14 ቀን ቤቱ መቀመጥ ነበረበት፣ ከወጣም ከ1,000 ፓውንድ የሚጀምር ቅጣት ተደነገገ። ግዴታው የሚጀምረው ግን ሲነገረው ነው። ያልተደወለለት ሰው ሕግ አልጣሰም፤ ሥራው ሄደ፣ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ጉድለቱም በአገሩ ሁሉ እኩል አልተበተነም። በሽታው የበረታው ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ስለነበር የተቆረጡትም እዚያ በዙ። ቁጥሩ ሲስተካከል የማንቸስተር ሳምንታዊ መጠን በየ100,000 ነዋሪው ሲሰላ ወደ 500 ተያዥ ተጠጋ፤ ከቀደመው ሳምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የከተማውን ጤና የሚመሩት ሰዎች በግማሽ ቁጥር ሲወስኑ ነበር የሰነበቱት።

ስህተቱ የተገኘው ዓርብ መስከረም 22 ሌሊት ነው። የቀሩት ስሞች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለደዋዮቹ ተላለፉ። መስከረም 15 ቀን መቆጠር የነበረበት ሰው ስሙ የደረሰው ስምንት ቀን ቆይቶ መሆኑ ነው። ቅዳሜ የወጣው ዕለታዊ ቁጥር 12,872፣ እሑድ የወጣው 22,961 ሆነ፤ የቀሩት ሁሉ በሁለት ቀን ስለተደመሩ። ረቡዕ «ቆመ» የተባለ ወረርሽኝ እሑድ ሦስት እጥፍ ሆኖ ሲመጣ ሕዝቡ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። የመሥሪያ ቤቱ ጊዜያዊ ኃላፊ ማይክል ብሮዲ እሑድ ባወጡት መግለጫ አንዳንድ ፋይሎች ከሚፈቀደው መጠን በላይ መሆናቸውን ገለጹ። ሰኞ የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ ፓርላማ ቀርበው እስከዚያን ዕለት ጠዋት ከቀሩት ሰዎች 51 በመቶውን አግኝተው ስለ ንክኪያቸው መጠየቅ እንደተቻለ ተናገሩ። ያ ማለት የሌላው ግማሽ ንክኪዎች ገና አልታወቁም።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እንላለን። እዚህ ውሃው ታፍሷል፤ ላቦራቶሪዎቹ የላኩት ሲኤስቪ ባለበት ስለነበር አንድም ስም አልጠፋም። ያልታፈሰው ቀኑ ነው።

ጥገናው ብዙዎችን አስቋል። መረጃውን በትንንሽ ቆራርጠው በብዙ ቴምፕሌት ማስገባት ጀመሩ፤ አንዱም ጣሪያውን እንዳይነካ። ቅርጸቱ ያው አሮጌው ነው። በበኩሌ አልሳቅሁም። ሰው እየታመመ፣ በዕኩለ ሌሊት፣ ዋናውን ሲስተም ነቅሎ ሌላ መትከል ትልቁን ጥፋት የሚጠራ ሥራ ነው። በዚያች ሌሊት ከቁና ወደ ቁና ማካፈል ትክክለኛው ውሳኔ ነበር። ወቀሳ ካለ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሚኒስትሩ ራሳቸው አሮጌውን ሲስተም ለመተካት በጁላይ እንደተወሰነ፣ ውሉም በኦገስት እንደተሰጠ ለፓርላማው ተናግረዋል። ማርጀቱ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

በጊዜው ጋዜጣውም ሶሻል ሚዲያውም «ኤክሴል ነው ጥፋተኛው» አለ። እኔ አልስማማም፤ ኤክሴል እችላለሁ ያለውን ያህል ይዟል፣ ገደቡም ከ20 ዓመት በላይ በማኑዋሉ ላይ ተጽፎ የቆየ ነው። የጎደለው አንድ ትንሽ ሥራ ነው። የገባው ፋይል ስንት ረድፍ አለው፣ የወጣውስ? ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነት ሲኖር የሚያቆም አንድ መስመር። የእህል ነጋዴ ጆንያ ሲያራግፍ ተቀባዩ ፊት ሳይቆጥር አይፈርምም። ሁለት ኮምፒውተር ሲረካከብ ግን ቆጣሪ አናቆምም፤ ማሽን ስለሆነ አይሳሳትም ብለን።

በነፃ ኦንላይን ኮንቨርተር የምንገለብጥ ሰዎችም ያው ነን። ፋይሉን እንጭናለን፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ኤክስኤልኤስና ኤክስኤልኤስኤክስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «የትኛውም ኮምፒውተር ይከፍተዋል» በሚል ልማድ አሮጌውን እንመርጣለን። የወረደው ፋይል ስንት ረድፍ እንደያዘ ገጹ አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም፤ አረንጓዴ ምልክት አሳይቶ ያሰናብተናል። ስለዚህ ከማውረዴ በፊት ዋናውን ፋይል ከፍቼ የመጨረሻውን ረድፍ ቁጥርና በዚያ ረድፍ ያለውን ስም ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ከወረደው ጋር አስተያያለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው። (የሰው ስምና ስልክ ያለበት ፋይል ከሆነ ከመጀመሪያውም ማንነቱን የማናውቀው ሰው ሰርቨር ላይ መጫን የለበትም። ሊብረ ኦፊስ የሚባለው የኤክሴልን ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ይህን ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።)

የዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ምዕራፍ የተጻፈው በኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ነው። የዎሪክ ዩኒቨርሲቲው ቲሞ ፌትዘርና የሃርቫርዱ ቶማስ ግሬበር ስህተቱን እንደ ሙከራ ተጠቀሙበት። የንክኪ ልየታ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለማወቅ ሆን ብሎ ግማሹን ታማሚ መተው የሚፈቅድ ማንም የለም። ፋይሉ ግን ያንን ሳይፈቀድለት አድርጎታል፤ የተቆረጠው ሰው በሀብቱ ወይም በዕድሜው ተመርጦ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች ብዙ ስም የቀረባቸውን አካባቢዎች ጥቂት ከቀረባቸው ጋር ቀጥለው ባሉት ስድስት ሳምንታት አነጻጸሩ። በጥናቱ የመጀመሪያ ቅጂ ላይ ያስቀመጡት ግምት ከመዘግየቱ ጋር የተያያዘ ከ125,000 በላይ ተጨማሪ ተያዥና ከ1,500 በላይ ተጨማሪ ሞት ነው። በ2021 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የታተመው ቅጂ ደግሞ በወቅቱ ልየታ የተደረገለት ታማሚ ስሙ ከቀረው ጋር ሲነጻጸር ተከትሎ የሚመጣውን አዲስ ተያዥ በ63 በመቶ፣ ሞትን በ66 በመቶ ይቀንሳል ይላል። የንክኪ ልየታ ሰው እንደሚያድን ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው ልየታው ካልደረሳቸው ሰዎች፣ ማለትም ከ65,536ኛው ረድፍ በታች ከቀሩት ነው።